ቃልን ከነባለቤቱ መያዝ፦ ታሪካዊ ተውኔት እያነበቡ አማርኛን ማስፋት

ከአዲስ አበባ የወጣሁት በአሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። አሁን የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ሥራዬ ማስተርጎም ነው፤ ሐኪም ቤትም ፍርድ ቤትም እሄዳለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ችሎት ላይ ዳኛው የሚሉትን ለአንድ ሽማግሌ አባት እተረጉም ነበር። እንግሊዝኛው «አንተ»ን ከ«እርስዎ» አይለይም። እኔም ሳላስበው «ስምህ ማን ነው? መቼ መጣህ?» እያልኩ ቀጠልኩ። ሰውየው ዝም አሉ። ዳኛው ጥያቄው ያልገባቸው መሰላቸው። ጥያቄውስ ገብቷቸዋል። የከበዳቸው አጠራሬ ነው።

ማታ ደሴ ላሉት አጎቴ ደወልኩ። ጋሼ ነው የምላቸው። ጡረታ እስኪወጡ አማርኛ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ነገርኳቸው። «ቃል አላነሰሽም፤ ማን ለማን እንደሚለው ነው ያልያዝሽው። ልብ ወለዱን ለጊዜው ተይውና ተውኔት አንብቢ። ደግሞ የነገሥታቱን» አሉኝ። እንዳሉኝ አደረግሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የያዝኩትን መንገድ ነው።

መጀመሪያ ታሪኩን የምታውቁትን ተውኔት ምረጡ። እኔ የጀመርኩት በዐፄ ቴዎድሮስ ነው። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትም ጸጋዬ ገብረ መድኅንም «ቴዎድሮስ» የሚል ተውኔት አላቸው፤ የቀናችሁን ያዙ። ካሳ ከቋራ ተነስቶ እንደሚነግሥ ታውቃላችሁ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 መቅደላ ላይ እንዴት እንደሚያልቅም ታውቃላችሁ። ስለዚህ «ቀጥሎ ምን ይመጣ ይሆን?» እያላችሁ አትሮጡም። ልባችሁ ቃሉ ላይ ያርፋል።

የመጀመሪያውን ገቢር ያለ መዝገበ ቃላት በአንድ ቁጭታ ጨርሱት። ያልገባችሁ ቃል ላይ በእርሳስ ነጥብ ብቻ አድርጋችሁ እለፉ። በየመስመሩ ከቆማችሁ ተውኔቱ ይሞትባችኋል።

ሁለተኛውን ንባብ ግን ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንብቡ። በዚህ ነገር ድርድር የለኝም። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም። «ንጉሡ ይሰማል» የሚል ዓረፍተ ነገር አስቡ። «ሰ»ን አላልታችሁ ብታነቡት ንጉሡ ጆሮ ይሰጣል ማለት ነው። አጥብቃችሁ ብታነቡት ደግሞ የንጉሡ ድምፅ ለሌላው ይደርሳል። በዓይን ብቻ ስታነቡ ሁለቱም አንድ መስለው ያልፋሉ። በአፍ ስታነቡ ግን አንዱን መምረጥ ግድ ነው። ለመምረጥ ደግሞ ተናጋሪው ምን እንደፈለገ ማወቅ አለባችሁ። ብዙ ቃል የገባኝ እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ ደብተር ያዙ። የእኔ ደብተር አራት ዓምድ አለው፦ ቃሉ፣ ማን ለማን አለው፣ ከምን ግሥ ወጣ፣ ዛሬ የት አለ። ከአንድ ትዕይንት ከአምስት ቃል በላይ አልጽፍም። መጀመሪያ አካባቢ ሠላሳና አርባ እጽፍ ነበር፤ በሳምንቱ አንዱም አብሮኝ አልነበረም። አምስት ይበቃል።

ሁለተኛው ዓምድ ነው የዚህ ሁሉ ልብ። «አሽከር» የሚለውን ቃል እዩ። እኔ ያደግሁበት ቤት ውስጥ አሽከር ማለት ተቀጥሮ የሚላላክ ሰው ነበር። ቃሉን የምሰማው ሰውን ዝቅ ለማድረግ ሲባል ነው። በፉከራ ውስጥ ግን ጀግናው «ዘራፍ!» ብሎ ተነስቶ የእገሌ አሽከር ነኝ ይላል፤ ደረቱን ነፍቶ። ያ ቃል በእሱ አፍ ታማኝነት ነው፣ ማዕረግ ነው። መዝገበ ቃላት ሁለቱንም ትርጉም ይሰጣችሁ ይሆናል። የትኛው መቼ እንደሚነሳ የሚያሳያችሁ ግን ተናጋሪው ነው። ስለዚህ ደብተሬ ላይ «አሽከር = ተከታይ» ብዬ አልጻፍኩም። «ወታደር፣ ስለ ራሱ፣ በጌታው ፊት፣ በኩራት» ብዬ ነው የጻፍኩት።

አጠራሩንም እንዲሁ ተከታተሉ። ንጉሡን «ጃንሆይ» የሚለው ማን ነው? በስሙ የሚጠራውስ? «አንተ» የሚለው ጠላቱ ነው ወይስ የልጅነት ጓደኛው? በጸሎት ጊዜ ደግሞ ያ ሁሉ ሰው «እርስዎ» የሚለው ንጉሥ ራሱ እግዚአብሔርን «አንተ» ይላል። እኛም እንደዚያው ነን፤ እመቤታችንን «አንቺ» እንላለን። ይህን ያስተዋልኩት ጮክ ብዬ ሳነብ ነው፤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። እንግዲህ «አንተ» ንቀት ብቻ አይደለም። ቅርበትም ነው፣ ልመናም ነው። አንድ ገጸ ባሕርይ ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» ሲሻገር ካያችሁ ቁሙና ምክንያቱን ፈልጉ። ተውኔቱ እዚያ ጋ አንድ ነገር ሰብሯል ማለት ነው።

ሦስተኛው ዓምድ ግሡ ነው። የማዕረግ ስሞች መጀመሪያ ሲያዩዋቸው ያስፈራሉ። ፈታ ስታደርጓቸው ግን ቀላል ናቸው። ዘመተ፣ አዘመተ፣ አዝማች። የቀኙን ጦር የሚመራው ቀኛዝማች፣ የግራውን የሚመራው ግራዝማች ነው፤ ደጃዝማች ውስጥ ደጅ አለ። ፊታውራሪ በፊት የሚቀድመው ነው። ባላምባራስ ውስጥ አምባ አለ፣ ነጋድራስ ውስጥ ነጋዴ አለ። ሊቀ መኳስ ደግሞ ጠላት ንጉሡን እንዳይለይ እንደ ንጉሡ ለብሶ የሚዘምት ነው። ያን ቃል ያገኘሁ ቀን ሥራ ቦታ ለሁሉም ሳወራ ነው የዋልኩት።

ከአንድ ግሥ ሙሉ ቤተሰብ ይወጣል። ገብረ ማለት በግዕዝ አደረገ፣ ሠራ ማለት ነው። ከዚያ ግብር መጣ። በቤተ መንግሥት ግብር ማለት ንጉሡ ሠራዊቱን የሚያበሉበት ድግስ ነው። ለገበሬው ግን ግብር የሚከፍለው ነው፤ ገባር ያሰኘውም ይኸው ነው። ዛሬ ደግሞ ከደመወዛችን የሚቆረጠው። ቀጥሉ፦ ተግባር፣ ምግባር፣ ግብረ ገብ፣ ግብርና። ተውኔቱ የተከፈለበት «ገቢር» ራሱ ከዚሁ ቤት ነው። አንድ ምሽት በአንድ ሥር ብቻ ይህን ያህል ቃል ሰበሰብኩ፤ አንዱንም አልረሳሁ።

ይህን ለማድረግ ጥሩ መዝገበ ቃላት ያስፈልጋችኋል። የእኔ የደስታ ተክለ ወልድ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ነው፤ በ1962 የታተመው። አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔን ብዙ ቀን አድክሞኛል። ቅደም ተከተሉ ሀ ለ ሐ መ አይደለም፤ አ በ ገ ደ ሀ ወ ዘ እያለ ነው የሚሄደው። ቃሉንም የምትፈልጉት በግሡ ነው። «አዝማች»ን «አ» ውስጥ ሳይሆን «ዘመተ» ጋ ሂዱ። ፊደሉን በቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ ሽፋኑ ላይ ለጥፉት። ግን ልብ በሉ፣ መዝገበ ቃላት የሚከፈተው ከሁለተኛው ንባብ በኋላ ነው። መጀመሪያ ግምታችሁን ጻፉ፣ ከዚያ አረጋግጡ። የተሳሳተ ግምትም ቢሆን ቃሉን ልብ ላይ ያስቀምጠዋል።

አራተኛው ዓምድ አጭር ነው፤ ቃሉ ዛሬ የት እንዳለ። ሹመትና ሽረት በዜና «ሹም ሽር» ሆኖ ይሰማል። ነጋሪት የሚጎሰመው ቀርቶ ነጋሪት ጋዜጣ ሕግ ያውጃል። ደጅ ጥናት ለቢሮ ጉዳይ ስንመላለስ እስከ ዛሬ አለ። ዘመቻ የክትባት ሆኗል። ስንቅን እኔ ለልጄ ምሳ ዕቃ እጠቀምበታለሁ፤ «ስንቅሽን ያዢ» ስላት ትስቃለች፣ ግን ታውቀዋለች። ዛሬ ምንም ቦታ የሌለው ቃልም አለ። እሱን ለማወቅ ያዙት እንጂ በግድ ወሬ ውስጥ አትክተቱት። ሰው ፊት «እልፍኝ አስከልካይ» ማለት አያስፈልግም።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለኝ። የተውኔቱ አማርኛ የጸሐፊው አማርኛ ነው። ሁለቱም ደራሲዎች የጻፉት ቴዎድሮስ ከሞቱ ብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ነው። ስለዚህ የዘመኑን ቋንቋ ለማየት ከጎን ሌላ ነገር ጨምሩ። የደብተራ ዘነብ ዜና መዋዕል በአማርኛ የተጻፈ ነው። ንጉሡ በ1855 ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤም አማርኛ ነው። ከተውኔቱ ጎን ስታነቡት ዓረፍተ ነገሩ ስንት እንደሚያጥር ታያላችሁ። እኔ ደብዳቤውን ያነበብኩት ተውኔቱን ከጨረስኩ በኋላ ነው፤ ያም ቅደም ተከተል ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

በመጨረሻ ብቻችሁን አታንብቡ። እኛ እሑድ እሑድ በስልክ እንገናኛለን። እኔ ቤት ሰዓቱ ጠዋት ነው፤ ደሴ እየመሸ ነው። ጋሼ ንጉሡን ያነባሉ፣ እኔ እቴጌዋንና ቄሱን፣ ልጄ ወታደሮቹን ሁሉ። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ፊደል ቀስ ብላ ነው የምታነበው፤ እንጠብቃታለን። ስትሳሳት ጋሼ አያርሟትም፤ «ለማን ነው የምትናገሪው?» ብለው ይጠይቋታል። ራሷ ትመለስና «እርስዎ» ብላ ታስተካክላለች።

አሁን ቴዎድሮስን ጨርሰናል። ቀጥሎ የጸጋዬን «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» መርጠናል፤ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ጣልያን አዲስ አበባ ላይ በጥይት የገደላቸውን ጳጳስ የሚመለከተውን። የቤተ ክህነቱ ቃል ስለሚበዛ ደብተሩን ከአሁኑ ከፍቻለሁ። «ግዝት» እና «ግዞት»ን በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጫቸዋለሁ፤ አንዱ የቤተ ክርስቲያን ነው፣ ሌላው የመንግሥት፤ እኔ ራሴ ስንቴ አምታትቻቸዋለሁ። የጳጳሱን ክፍል ማን ያንብብ በሚለው ገና አልተስማማንም። ጋሼ ለልጅቷ ይሰጥ ይላሉ።