የብረት ማንሳት ፍጥነት የሚለካ ሰንሰር ስትፈትኑ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

እጅ ላይ የሚታሰር ወይም ባሩ (ኪሎው የሚሰካበት ዘንግ) ላይ የሚለጠፍ ሰንሰር ብረቱ በሰከንድ ስንት ሜትር እንደተነሳ ይነግራችኋል። አሰልጣኙ ቁጥሩን አይቶ ኪሎ ይጨምራል ወይም «ይበቃል» ይላል። ቁጥሩ ከተሳሳተ የሚጎዳው የሰልጣኙ ትከሻና ወገብ ነው። ጅማ ያላችሁ አሰልጣኞችና የስፖርት ሳይንስ ተማሪዎች፣ ሰንሰሩን ከማመናችሁ በፊት በደንብ ፈትኑት።

በቀላል ኪሎ ብቻ መሞከር። ከሁሉም የከፋው ይሄ ይመስለኛል። ሰንሰሩ ፍጥነትን በቀጥታ አይለካም፤ የፍጥነቱን ለውጥ እየደመረ ነው የሚያሰላው። ቀላል ብረት ቱር ብሎ ስለሚነሳ ሥራው አይከብደውም። ብረቱ ሲከብድ ግን ለውጡ ያንሳል፣ ጊዜው ይረዝማል፣ ጥቃቅን ስህተቶች ይጠራቀማሉ። በቤንች ፕሬስ (በጀርባ ተጋድሞ ብረት ወደ ላይ መግፋት)፣ ሰው አንዴ ብቻ የሚችለው ኪሎ የሚነሳው በአማካይ 0.17 ሜትር በሰከንድ አካባቢ ነው። ኪሎው የዚህን ከፍተኛ አቅም 5 በመቶ ያህል በጨመረ ቁጥር ደግሞ ፍጥነቱ ከ0.07 እስከ 0.09 ይቀንሳል። ስለዚህ የ0.08 ስህተት ትንሽ አይደለም፤ የአንድ ሙሉ ደረጃ ኪሎ ስህተት ነው። ከባዶ ባር ጀምራችሁ እስከ ከባዱ ድረስ ሞክሩ፤ ከኋላ የሚይዝ ሰው ግን ይኑር።

ሰንሰሩ ያልቆጠረውን መዝለል። በጣም ቀስ ብሎ የተነሳውን አንዳንዴ ጭራሽ አያየውም። እሱንም መዝግቡት፤ ዋናው ድክመቱ እዚያ ነው።

የሚወዳደርበት ሳይኖር መፍረድ። ባሩ ላይ የሚታሰር ገመድ ያለው መለኪያ ካገኛችሁ በጣም ጥሩ። ካጣችሁ ስልክ ይበቃል። በሰከንድ 240 ምስል የሚቀርጽ ስልክ በባሩ ከፍታ ከጎን አቁሙ። ባሩ 40 ሴንቲ ሜትር ለመውጣት 192 ምስል ከፈጀ፣ 0.8 ሰከንድ ማለት ነው፤ አማካይ ፍጥነቱ 0.50 ይሆናል። ርቀቱን የምታነቡበትን ሜትር ግድግዳው ላይ አትለጥፉት፤ ከባሩ ጫፍ አጠገብ አቁሙት። ግድግዳው ራቅ ስለሚል ርቀቱን አስረዝሞ ያሳያችኋል።

«አብረው ይወጣሉ ይወርዳሉ» ብሎ መርካት። ሁልጊዜ 0.10 ጨምሮ የሚያሳይ ሰንሰር ከትክክለኛው ጋር አብሮ ይወጣል ይወርዳል፤ ግን ውሸት ነው። የስታቲስቲክስ ባለሙያዎቹ ብላንድና አልትማን በ1986 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ መታየት ያለበት በእያንዳንዱ ማንሳት ላይ ያለው ልዩነት ነው።

የተጻፈውን ኪሎ ማመን። ብየዳ ቤት የተሠራ ዲስክ ወይም በሲሚንቶ የተሞላ ጣሳ ላይ ያለው ቁጥር ግምት ነው። ጅማ የቡና አገር ነው፣ ሚዛን አይጠፋም፤ ወስዳችሁ አስመዝኑ።

አማካይን ከከፍተኛ ፍጥነት ጋር ማወዳደር። የሰንሰሩ የስልክ አፕ የትኛውን እንደሚያሳይ አስቀድማችሁ እዩ።

ቦታውን መቀያየር። አንጓ ይታጠፋል፣ ባርም ያዘነብላል። ሰንሰሩ የሚያርፍበትን በፕላስተር ምልክት አድርጉ፤ ሁሌም እዚያው ይታሰር።