በአሮጌ ቮልስ ላይ አዲስ ቀለም አልይዝ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ዛሬም የማይጠፉት፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ የተሠሩት ቮልሶች ከፋብሪካ ሲወጡ ክሊር (ከላይ የሚደረብ ቀለም አልባ መሸፈኛ) ያልተደረበበት፣ በምድጃ የበሰለ ኢናሜል የተባለ ቀለም ተቀብተው ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን አንዱ ባለቤት በቲነር በሚሟሟው ናይትሮ ቀለም፣ ሌላው በአየር በሚደርቅ ሲንቴቲክ እያስቀቡ ስለቆዩ፣ በአንድ ፓራፋንጎ (ከመኪናው እግር በላይ ያለው የጭቃ መከላከያ) ላይ የሦስት ዘመን ቀለም ተደራርቦ ቢገኝ አያስገርምም። በላዩ የተረጨው፣ ከማጠንከሪያ ጋር የሚቀላቀለው ዩሬቴን ቀለም ሲበላሽ በመጀመሪያ የሚወቀሰው ቀለም ሻጩ ነው፤ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለው ከሥር ነው።

ቀለሙ እየተረጨ ሳለ ተጨማዶ ሲነሳ

መንስኤው የአዲሱ ቀለም ቲነር ወደ አሮጌው ሰርጎ ማሳበጡ ነው። ይህን አስቀድሞ ለማወቅ ንጹሕ ጨርቅ በናይትሮ ቲነር ነክሮ፣ በማይታይ ቦታ ለምሳሌ በኮፈኑ የውስጥ ጠርዝ ላይ ለአንድ ደቂቃ ያህል መያዝ ይበቃል። ቀለሙ ሟሙቶ ጨርቁን ካቀለመው ናይትሮ ነው፤ አብጦ ከተጨማደደ በአየር የደረቀ ሲንቴቲክ ነው፤ ምንም ካልሆነ በፋብሪካ የበሰለው ወይም በማጠንከሪያ የደረቀ ስለሆነ በብርጭቆ ወረቀት አሻክሮ መቀባት ይቻላል። የተጨማደደው ላይ ሌላ ቅብ መደረብ ጉዳቱን ያብሳል እንጂ አይሸፍነውም። ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ እስከ ብረቱ ተፍቆ፣ በኢፖክሲ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት በሚቀባ የሥር ቅብ) ታሽጎ እንደገና መጀመር አለበት። አሮጌውን ሳይፍቁ በማሸጊያ ፕራይመር ብቻ ማለፍን የሚመርጡ ባለሙያዎች አሉ፤ የቮልስ ፓራፋንጎ ግን በብሎን የታሰረ በመሆኑ በ13 ቁልፍ ፈትቶ መፋቅ በእኔ ግምት ከዚያ ዕድል ሙከራ ይረክሳል።

የዩሬቴኑ ማጠንከሪያ ኢሶሲያኔት የተባለ ኬሚካል ስላለበት አስም ሊያስከትል ይችላል፤ የጨርቅ ማስክም አያስጥልም። ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ ፈጽሞ አይረጭም።

ቀለሙ ከብረቱ እየሸሸ ክብ ክብ ጉድጓድ ሲሠራ

ከሥሩ ዘይት ወይም ሲሊኮን አለ። ሲሊኮኑ ለዓመታት ከተቀባ ማወልወያ፣ ዘይቱ ደግሞ ከኮምፕሬሰሩ ወይም የዛጉትን ብሎኖች ለማላቀቅ ከተረጨው ዘይት ይመጣል። ቅባት ማስወገጃው ከብርጭቆ ወረቀቱ በፊት መቅደም አለበት፤ አለዚያ ቅባቱ በጭረቱ ውስጥ ይቀበራል። በአንድ ጨርቅ አርጥቦ፣ ሳይደርቅ በሌላ ደረቅ ጨርቅ መጥረግ ያስፈልጋል።

እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሲጎረብጥ፣ ወይም በመርፌ የተወጋ ሲመስል

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ቲነሩም በዚያው ልክ ቶሎ ይተናል። ጠብታው ተንጣሎ ሳይተኛ ሲወፍር ይጎረብጣል፤ ወፍራም ቅብ ከላይ ቀድሞ ሲደርቅ ደግሞ የታፈነው ቲነር በስቶ ይወጣል። ቀስ ብሎ የሚተን ቲነር መምረጥ፣ በፀሐይ የጋለ ብረት ላይ አለመርጨት፣ በቅቦች መካከል አምራቹ የጻፈውን ደቂቃ መጠበቅ ይገባል። የጎረበጠው ተፈግፍጎ ሊወለወል ይችላል፤ የተበሳው ግን ቀዳዳው እስኪጠፋ ተፈግፍጎ ዳግም ይቀባል።

አዲሱ ፓራፋንጎ ከበሩ ጋር አልመሳሰል ሲል

የፋብሪካው ቁጥር፣ ለምሳሌ የሩቢ ቀዩ ኤል 456፣ የሚነግረን መኪናው አዲስ ሳለ የነበረውን ቀለም እንጂ ፀሐይ ያገረጣውን አይደለም። ስለዚህ በመጀመሪያ በሩን ወልውሎ እውነተኛ መልኩን ማውጣት፣ ከዚያ ቅልቅሉን በቁራጭ ቆርቆሮ ላይ ረጭቶ በቀን ብርሃን ማስተያየት ነው። ለእንዲህ ያለ ብልጭልጭ የሌለው ቀለም ክሊር የማይፈልገውን ዩሬቴን እመርጣለሁ፤ በክሊር የተሸፈነ ፓራፋንጎ ከአሮጌው ኢናሜል አጠገብ የመስታወት ያህል ጎልቶ ይታያል።

ከወራት በኋላ በመጋጠሚያው ሲሰነጠቅና ሲያብጥ

በፓራፋንጎውና በአካሉ መካከል ያለው የጎማ ጥብጣብ ሳይነሳ አብሮ ስለተቀባ፣ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ቀለሙ ይሰነጠቃል፤ ውኃም በዚያ ገብቶ ብረቱን ያዝጋል። ዝገቱ እስከ ንጹሕ ብረት ይፈገፈጋል፤ በኢፖክሲው ላይ ስቱኮ (ጉድጓድ መሙያ) ካስፈለገ በውኃ ሳይሆን በደረቁ ይሞረዳል። ፓራፋንጎው ለብቻው ተቀብቶ በደንብ ከደረቀ በኋላ አዲስ የጎማ ጥብጣብ ተደርጎለት ይታሰራል።