የካንሰር ተመራማሪ ሐኪም ለመሆን ለምታስቡ አዲስ ገቢዎች

ሲልቨር ስፕሪንግ እንደገባሁ ሰሞን አንድ የአገር ልጅ "አሜሪካ ሐኪም መሆን ዕዳ ውስጥ መነከር ነው" አለኝ። አልዋሸም። ግን ሌላም በር አለ።

ኤምዲ-ፒኤችዲ ይባላል፤ የሐኪምነቱና የተመራማሪነቱ ዲግሪ አንድ ላይ ማለት ነው። ሁለት ዓመት ሕክምና ትማራላችሁ፣ አራት ዓመት ገደማ ላብ ገብታችሁ ፒኤችዲውን ትሠራላችሁ፣ ከዚያ ተመልሳችሁ ሁለት ዓመት ሆስፒታል። (ላብ ያልኩት ቤተ ሙከራውን ነው፤ ላቡም ግን አይቀርም።) የአሜሪካ መንግሥት የሕክምና ምርምር ተቋም ኤንአይኤች ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን ሥልጠና ይደጉማል። በዚህ ድጎማ የገባ የትምህርት ክፍያ የለበትም፤ ለኑሮውም ይከፈለዋል።

መጀመሪያ ወረቀታችሁን እዩ። በዲቪም ሆነ በቤተሰብ መጥታችሁ ግሪን ካርድ ካላችሁ ለዚህ ገንዘብ ማመልከት ትችላላችሁ። በተማሪ ቪዛ ያላችሁ፣ በራሳቸው ገንዘብ የሚቀበሉ ጥቂት ትምህርት ቤቶችን ፈልጉ። ወይም ፒኤችዲውን ብቻ ያዙ፤ በባዮሜዲካል ሳይንስ አብዛኛው ተማሪ እየተከፈለው ነው የሚማረው። አገር ቤት ሕክምና የጨረሳችሁ ደግሞ ከዜሮ አትጀምሩ፤ የእናንተ መንገድ ዩኤስኤምኤልኢ የሚባለው የሐኪምነት ፈቃድ ፈተናና ሬዚደንሲ፣ ማለትም ሆስፒታል ውስጥ እየሠሩ መሠልጠን ነው።

ብዙ የሕክምና ትምህርት ቤቶች እዚህ አገር የተወሰደ ኮርስ ይጠይቃሉ። ኤምካት የሚባል የመግቢያ ፈተናም አለ። እሱ በጥናት ይታለፋል።

የሚከብደው የላብ ልምድ ማግኘቱ ነው። እኛ "እዚያ ቤት ማን ሰው አለን?" እንላለን። እዚህ ለማያውቁት ፕሮፌሰር ኢሜይል መጻፍ እንደ ድፍረት አይቆጠርም። አንድ ጽሑፉን አንብቡና ምኑ እንደሳባችሁ በአምስት መስመር ጻፉለት። ዝም ካለ በሳምንቱ ድገሙ። እኔ ሠላሳ ያህል ልኬ የመለሱልኝ ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያ ሥራዬ የካንሰር ሴል ማብላት ነበር። 37 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ፣ ቀይ ፈሳሽ እየቀየሩ። ገናም ይሁን ጥምቀት ሴል ጾሙን አያድርም። አንድ ሰኞ ጠዋት ሴሎቹ የሚሞቁበትን ሣጥን፣ ኢንኩቤተሩን፣ ስከፍት ቀዩ ፈሳሽ ቢጫ ሆኖ ደፍርሷል። ባክቴሪያ ገብቶበታል። የሦስት ሳምንት ልፋት! ሰው ሳያይ ልደፋው ቃጣኝ። ከዚያ ይሉኝታዬን ዋጥ አድርጌ ለአለቃዬ አሳየኋት። ሳቀች። "የኔን ብታዪው" አለችና ከፍሪዘር አዲስ ሴል አውጥታ ሰጠችኝ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ለማመልከቻዬ የድጋፍ ደብዳቤ የጻፈችልኝ እሷ ናት። ያችን ሰኞም ጽፋታለች።