ለወጣት ተማሪዎች የመጀመሪያውን የሒሳብ ምርምር ጥያቄ እንዴት እንስጥ?

ጥያቄው ቀመር የማይፈልግ፣ ማረጋገጫ ግን የሚጠይቅ ይሁን። የቼዝ ሰሌዳው ይመቻል፦ ከ64ቱ ካሬዎች በሰያፍ የሚተያዩትን ሁለት ማዕዘኖች ቁረጡና፣ ቀሪውን 62 እያንዳንዳቸው ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ካሬዎችን በሚይዙ 31 ዶሚኖዎች መሸፈን ይቻል እንደሆነ ጠይቁ።

20 ደቂቃ ያህል በካሬ ወረቀት ይሞክሩ። ወረቀቱ ቀለም አይኑረው፤ ቀለሙን ማሳየት መልሱን መስጠት ነው። ሲደክማቸው «አይቻልም» ይላሉ። ብዙ አስተማሪ እዚህ ላይ ይሳሳታል፣ ደስ ብሎት ይቀበላቸዋል። መቶ ጊዜ ሞክሮ አለመሳካት ግን ማረጋገጫ አይደለም። «ያልሞከራችሁት መንገድ ቢኖርስ?» በሏቸው። ጨርሶ ከጠፋባቸው ወደ 4 በ4 ሰሌዳ አውርዷቸው፣ ከዚያ ጥቁርና ነጭ ያቅልሙ። የተቆረጡት ሁለቱም አንድ ቀለም ናቸው፤ ስለዚህ በትልቁ ሰሌዳ 32 ከአንዱ፣ 30 ከሌላው ይቀራል። ዶሚኖ ደግሞ ሁልጊዜ ከሁለቱም አንድ አንድ ይሸፍናል፤ 31 ዶሚኖ ከእያንዳንዱ ቀለም 31 ስለሚፈልግ አይቻልም።

ማረጋገጫውን በአምስት መስመር ያስጽፏቸው፤ በቃል የጠራ የመሰለው ወረቀት ላይ ሲወርድ ክፍተቱ ይታያል።

እውነተኛው ምርምር ከዚህ በኋላ ነው፦ አንድ ጥቁርና አንድ ነጭ ካሬ ከፈለጉበት ቦታ ቢቆረጥስ? ሁልጊዜ እንደሚቻል ያረጋገጠው የሒሳብ ሊቁ ራልፍ ጎሞሪ ነው፤ ይህን ግን አትንገሯቸው። አንድ ሳምንት ስጧቸው። ፍንጭ ከጠየቁ፣ 64ቱንም ካሬ አንድ አንድ ጊዜ ረግጦ መነሻው ላይ የሚዘጋ መንገድ ይሳሉ።