ለተራራ ሳይክል በርቀት ሳይሆን በሰዓት ተስማሙ

ጀማሪና ጎበዝ አብረው ተራራ ላይ ሳይክል ሲነዱ አንዱ በመጠበቅ ይሰላቻል፣ ሌላው ለመድረስ ሲል ትንፋሹ ያልቃል። ዘዴው እንዲህ ነው። ዳገት ወጥታችሁ በዚያው የምትመለሱበትን መንገድ ምረጡ። ከዚያ በሰዓት ተስማሙ፦ ሁሉም በራሱ ፍጥነት 40 ደቂቃ ይወጣል፣ ሰዓቱ ሲሞላ የትም ይድረስ የት ይመለሳል። ጎበዙ ረጅሙን ቁልቁለት በፍጥነት ይወርዳል፤ ጀማሪው ከቅርብ ተነስቶ ረጋ ብሎ ይወርዳል። መነሻው ላይ በጥቂት ደቂቃ ልዩነት ትገናኛላችሁ።

ደግሞ እይታው ቶሎ የሚጀምር መንገድ ይሁን። እንጦጦን የምወደው ለዚህ ነው። ብዙም ሳትወጡ በባሕር ዛፎቹ መካከል አዲስ አበባ ከታች ተዘርግታ ትታያለች፤ ቀድሞ የሚመለሰውም እይታው አያመልጠውም። ከፍታው ግን 3,000 ሜትር አካባቢ ነው። ከቆላ የመጣ እንግዳ ካላችሁ 25 ደቂቃ ይበቃል።

በቁልቁለት በሚጀምር መንገድ ይህን አትሞክሩት። መመለሻው ዳገት ስለሚሆን ሩቅ የሄደው እዚያው ይቀራል። ልጆችንና ፍሬን አያያዝ ያልለመደን ሰው ደግሞ ብቻቸውን አትልቀቋቸው፣ በተለይ ክረምት ላይ፤ ጭቃው ያንሸራትታል።