ሐዋሳ ላይ የአካባቢ ጥናት አማካሪ ሲቀጥሩ

ከዋጋው በፊት የባለሙያዎቹን ዝርዝር ይጠይቁ። በወረቀት ላይ ሃይድሮሎጂስቱም ኬሚስቱም ይደረደራሉ፤ ቦታው ድረስ የሚመጣው ግን ብዙ ጊዜ ካሜራ የያዘ አንድ ወጣት ነው። ማን ናሙና እንደሚወስድ፣ ማን ሪፖርቱን እንደሚፈርም በውሉ ላይ ስም በስም ይስፈር። የብቃት ማረጋገጫቸው ቀኑ እንዳላለፈበትም ይዩ።

ሥራዬ የውሃ ናሙና ነውና እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የሐዋሳ ሐይቅ የገጸ ምድር መውጫ የለውም፤ በጥቁር ውሃ ወንዝ ታጥቦ የገባው እዚያው ይከማቻል። ፍሳሽ ያለው ሥራ ከሆነ የናሙና ወሳጁን እጅ ይከታተሉ፦ ሙቀቱንና ፒኤቹን (የአሲድነት መጠኑን) እዚያው ይለካል፣ ጠርሙሱ ላይ ሰዓቱን ይጽፋል፣ በረዶ ያለበት ሳጥን ውስጥ ይከታል። የባዮኬሚካል ኦክስጅን ፍላጎት (በውሃው ውስጥ ያለው ቆሻሻ ሲበሰብስ የሚፈጀው ኦክስጅን) መደበኛ ምርመራ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 5 ቀን ይፈጃል፤ «ነገ ውጤቱን ይወስዳሉ» ካለዎት ሌላ ድርጅት ይፈልጉ።

ከአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ወዲህ ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ሳይፈቀድለት አይጀመርም፤ ቁፋሮውን አያስቀድሙ።

ረቂቁ ሲደርስዎ የወንዞቹን ስም ይፈልጉ። አዋሽ ካገኙ ከአዳማ ሪፖርት ተገልብጧል ማለት ነው፤ ይመልሱላቸው። የመጨረሻውን ክፍያ ሪፖርቱ እስኪጸድቅ ይያዙት።