ለወንዱ የበጀው ሴቷን ሲጎዳ፦ በሽምብራ ነቀዝ የሚሠራ ሙከራ

የነፍሳትን የፆታ ግጭት በዓይን ለማየት ለሰበታና ለሱሉልታ ሰው ከሽምብራ ነቀዝ የሚቀርብ የለም። የሽምብራ ነቀዝ ወገን በሆኑት በብዙዎቹ የካሎሶብሩከስ ዝርያዎች የወንዱ ብልት እሾሃማ ነው። በአንደኛው ዝርያ፣ በማኩላተስ፣ ሴቷ ስትወጋ በኋላ እግሮቿ ትራገጣለች፤ እንዳትራገጥ ስትደረግ ግንኙነቱ ይረዝማል፣ ቁስሉም ይበዛል።

1 ኪሎ ሽምብራ ፍሪዘር ውስጥ 7 ቀን ያቆዩ፤ ቀድሞ የገባ እጭ ይሞታል። ሲያወጡት ላቡ እስኪደርቅ ያስጡት፣ አለዚያ ይሻግታል። ማላታይን የተባለው ፀረ ተባይ የነካው እህል ነቀዙን ስለሚገድል አይሆንም። ከነቀዘ እህል 50 ያህል ነቀዝ ለቅመው በግማሽ ኪሎው ላይ ይልቀቁ፤ ከ2 ቀን በኋላ በወንፊት ያውጧቸው። የሱሉልታ ብርድ እድገቱን በጣም ስለሚያጓትት ብልቃጡን አምፖል በበራበት ካርቶን ውስጥ በ28 ዲግሪ ያቆዩ። መብራት ሲጠፋ ሙቅ ውሃ የሞላ ጀሪካን ያስጠጉ። አንድ ወር ገደማ ይፈጃል።

ሥራው የሚበላሸው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው፦ ነቀዝ በወጣበት ቀን ይገናኛል። ስለዚህ አንድ እንቁላል ብቻ የተለጠፈባቸውን ፍሬዎች መርጠው እያንዳንዱን ለየብቻ ይዝጉ። ሲወጡ በማጉያ መነጽር አንቴናቸውን ይዩ፤ ቺነንሲስ በተባለው ዝርያ የወንዱ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተዘረዘረ ነው፣ የሴቷ ግን እንደ መጋዝ አጭር ጥርስ ያለው። በማኩላተስ ግን አንቴናቸው ስለሚመሳሰል የኋላ ጫፋቸውን ይዩ፤ የሴቷ በጎንና በጎኑ ጥቁር ሰንበር አለው።

20 ሴቶች አንዴ ተገናኝተው ወንዱ ይነሳ፤ ሌሎች 20 ደግሞ ከወንድ ጋር ይኑሩ። ለእያንዳንዷ በየብልቃጧ 40 ፍሬ ይስጡ። ወንዱ ከሞተ በወጣት ይተኩት። በመጀመሪያው ቡድን ብልቃጥ ድንግል ሴት ይጨምሩ፤ መጨናነቁ እኩል ካልሆነ ጉዳቱ የወንዱ መሆኑ አይታወቅም። የምትከታተሏትን በጥፍር ቀለም ነጥብ ይለዩ። የድንግሏ እንቁላል ስለማይፈለፈል አይነጣም፤ የሚቆጠረው የነጣው ብቻ ነው።

በየጠዋቱ ሞትና እንቁላል ይመዝግቡ። ዕድሜን ብቻ ማወዳደር ያሳስታል፤ ብዙ የጣለች ቶሎ ትሞታለች፣ የወንዱ ፈሳሽም ለተጠማች ሴት ውሃ ይሆናል። ሁለቱም ቡድን በስኳር ውሃ የራሰ ጥጥ ሲያገኙ ሙከራውን መድገም ይህን የውሃ ጥቅም ይለያል።

የዘረመሉን ነገር ለማየት ትውልድ ይቁጠሩ። ዊሊያም ራይስ በ1996 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የኮምጣጤ ዝንብ ሴቶች አብረው እንዳይለወጡ አድርጎ ወንዶቹን ለ41 ትውልድ ሲያራባ፣ ከእነሱ ጋር የተጋቡ ሴቶች ሞት ጨመረ። በነቀዝም አንዱን መስመር አንድ ለአንድ፣ ሌላውን ሦስት ወንድ ለአንድ ሴት እያጋቡ ያቆዩና የሁለቱን ወንዶች ከሌላ ቦታ በመጡ ሴቶች ላይ ይፈትሹ።

ሲጨርሱ ሁሉንም ፍሪዘር ውስጥ 7 ቀን ሳያቆዩ አይጣሉ፤ አምልጦ ጎተራ የገባ የጎረቤትን ሽምብራ ይጨርሳል።